ልጁ አልታመመም

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ
ግልባጭ፦ ለአራዳ ክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፤ በአራዳ ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች፣ መምህራንና ወላጆች

ጉዳዩ፦ ለበዓል ወደ አገር ቤት የሚሄዱ ተማሪዎች በግልጽ ፈቃድ እንዲሄዱ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በነሐሴ ማብቂያ ነው። በአራዳ ቤቶች ልጆች ደብተር እየለበዱ ነው፤ እናቶች ያጠረውን የዩኒፎርም ሱሪ እጥፋት ይፈታሉ። በዚያው ቤት፣ በዚያው ሳምንት፣ አባት ለመስቀል ያጠራቀመውን ገንዘብ ይቆጥራል፤ ወደ ወልቂጤ ወይም ወደ ቡታጅራ ከማን ጋር እንደሚሳፈር ይነጋገራል። ሁለቱም ዝግጅት ለአንድ ልጅ ነው። ትምህርት ቤት ይከፈታል፤ ልጁ ሳምንት ወይም አሥር ቀን ይማራል፤ ከዚያ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። ሲመለስ የክፍል ኃላፊው “የት ነበርክ?” ይለዋል። ልጁም “አሞኝ ነበር” ይላል።

በአራዳ ትምህርት ቤቶች 28 ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ይህን መልስ በየመስከረሙ ሰምቼዋለሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ ራሴ ተናግሬዋለሁ።

አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ አትክልት ተራ ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጥ ነበር። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን የማይዘጋው ሰው መስከረም 13 ሸራውን ጠቅልሎ ለጎረቤት አደራ ሰጠና ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ ተሳፈርን። ወልቂጤ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያን ጊዜ መኪና ግን ቀኑን ሙሉ ወሰደብን። ከዚያ ወደ አባቴ አገር ወደ እዣ፣ ግማሹን በጭነት መኪና፣ ግማሹን በእግር። አያቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብዬ ያየሁት በዚያ ዓመት ነው። ልጆች እሳት የሚያበሩበትን ደንጌሳትን ከአክስቶቼ ልጆች ጋር አበራሁ። ጀፎረው ላይ፣ ያ በቤቶቹ መካከል የተንጣለለው አረንጓዴ ሜዳ ላይ፣ ጫማዬን አውልቄ ሮጥኩ። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲያ የሚሮጥበት ቦታ አላውቅም ነበር። በሬው ሲታረድ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ የእኔን ስም ከአባቴ፣ ከአያቴ፣ ከቅድመ አያቴ ስም ጋር አያይዘው ጠሩት። ስሜ እንደዚያ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር።

መስከረም 24 ተመለስን። መኪናው ውስጥ እናቴ “ወባ ይዞኝ ነበር በል” ብላ አስጠናችኝ። በማግስቱ መምህሬ ጠየቁኝ፤ ያስጠናችኝን አልኩ። ጠጋ ብለው ሹራቤን አሸተቱ። የጎጆ ጭስና የቅቤ ሽታ ነበረው። አልመቱኝም። እስኪደወል ድረስ ግን ሰሌዳው ሥር አንበረከኩኝ። መንበርከኩን ረስቼዋለሁ፤ ያልረሳሁት ሌላ ነገር ነው። ያንን ሁሉ ምርቃት፣ ያንን ሁሉ ስም ይዤ መጥቼ ትምህርት ቤት በር ላይ ስደርስ ወባ ሆነብኝ። ለጓደኞቼ እንኳ መናገር አልቻልኩም፤ ታሞ የነበረ ልጅ ደንጌሳት አበራሁ ብሎ ሊያወራ አይችልማ።

መምህር ከሆንኩ በኋላ ነገሩን ከሌላው ወገን አየሁት። ስም ጥሪ ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀሪው ይበዛል። ደንቡ ወላጅ አምጣ ይላል። እናትየዋ ከሱቋ መጥታ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ከቦርሳዋ የሕክምና ወረቀት ታወጣለች። ወረቀቱ በገንዘብ የተገኘ መሆኑን አውቃለሁ። ማወቄን እሷም ታውቃለች። ልጁ በመካከላችን ቆሞ አንዴ እሷን አንዴ እኔን ያያል። እኔ ወረቀቱን ተቀብዬ መዝገቡ ላይ “ታሞ” ብዬ እጽፋለሁ፤ ሌላ የምጽፍበት ቦታ የለማ። ይህን ስንት ጊዜ እንዳደረግሁት አልቆጠርኩም። የማፍርበት ነገር ነው፤ ለእናንተ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው።

ክቡራን ኃላፊዎች፣ ነገሩን ከካላንደሩ እንጀምረው። የትምህርት ዓመታችን ረጅሙን ዕረፍት የሚሰጠው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ይህ በትክክለኛ ምክንያት የተደረገ ነው፤ ክረምት ነው፣ ወንዝ ይሞላል፣ ልጅ ጭቃ ማዶ ካለ ትምህርት ቤት አይደርስም። ካላንደራችን ከመጀመሪያውም ዝናብን ሰምቶ የተሠራ ነው ማለት ነው። ግን ያው ዝናብ ዘመድ ቤትም አያስኬድም። በሐምሌ ገበሬው ማሳው ውስጥ ነው፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ የሚያገባ የለም፤ ወንድምና እኅት ከየከተማው ተጠራርቶ የሚገናኝበት ቀን የለም። ቤተሰብ የሚሰበሰበው ዝናቡ ሲያባራ፣ አደይ ሲፈካ ነው። መስቀል መስከረም 17 ነው። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11፣ ሠርጉ ጥር ሙሉ። ልጅ ከአያቱ ጋር የሚገናኝባቸው ቀኖች በሙሉ ማለት ይቻላል ክፍል ውስጥ መሆን ያለበት ጊዜ ላይ ወድቀዋል። ካላንደሩ ለመስቀል አንድ ቀን ይሰጣል። በአንድ ቀን እዣ ደርሶ የሚመለስ የለም።

ለጉራጌ ቤተሰብ መስቀል አንድ ቀንም አይደለም። ከዋናው ቀን በፊት ይጀምራል፤ ከዋናው ቀን በኋላም አማት መጠየቅ፣ ዘመድ መዞር አለ፤ የወጣቶቹ አዳብና እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ይሄዳል። በአራዳ የሚኖር ሰው ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። በዚያ ሳምንት የፒያሳን ሱቆች በር ማየት ይበቃዋል። ዩኔስኮ የመስቀልን በዓል በ2006 ዓ.ም. የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ጥምቀትን ደግሞ በ2012 ዓ.ም.። ሲመዘገቡልን ደስ ብሎናል፣ መግለጫ ሰጥተናል። ቅርሱን የሚወርሰው ልጅ ግን ከበዓሉ ሲመለስ የሐኪም ወረቀት ይጠየቃል።

የጉራጌ ሕዝብ ትምህርትን የሚንቅ ሕዝብ ቢሆን ኖሮ ይህን ለመጻፍ አልደፍርም ነበር። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ የጉራጌ ነጋዴዎችና ሠራተኞች በማኅበር ተሰባስበው፣ ከሊስትሮ እስከ ባለ ሱቅ ገንዘብ አዋጥተው፣ ወደ አገራቸው የሚወስድ መንገድ አሠርተዋል። በዚያው ማኅበር ጉልበት ትምህርት ቤቶችም ተሠርተዋል። ከተማ ያለው ወደ አገር ቤት እንዲሄድ፣ አገር ቤት ያለው ልጅ እንዲማር። አባቴ በዚያ መዋጮ ውስጥ ነበረበት። ለእሱ መንገዱና ትምህርት ቤቱ አንድ ሐሳብ ነበሩ። እኛ ነን ያጣላናቸው።

መንግሥታችንም ቢሆን ትምህርት የሚገኘው ክፍል ውስጥ ብቻ ነው ብሎ አያውቅም። የሰፈራችን ትልልቅ ልጆች ካኪያቸውን ለብሰው ሲሄዱ አይቻለሁ፤ በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ከዩኒቨርሲቲና ከሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍሎች ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራንን ወደ ገጠር አዝምቷል። በቅርቡ ደግሞ፣ በኅዳር 2014 መጨረሻ፣ ጦር ግንባር የሄዱ ገበሬዎችን ሰብል ተማሪዎች እንዲሰበስቡ ተብሎ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተዋል። በዚያው ሰሞን 1 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ለገና ወደ አገር ቤት እንዲመጡ ጥሪ ተደረገ። ከዋሽንግተንና ከለንደን ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ ነበሩ፤ ገና ሲውል እዚያ ያለው ትምህርት ቤት ከፈረንጆቹ የገና ዕረፍት ተመልሶ ተከፍቷል። ቦሌ ላይ በአበባ ተቀበልናቸው፤ ጥሩ አደረግን። ከዋሽንግተን ለገና የመጣው ልጅ የአገሩ ልጅ ከሆነ፣ ከአራዳ ለመስቀል ወደ ጉንችሬ የሄደው ልጅ ምን ብለን እንጠራዋለን?

አሁን ወደ ክፍል ልመለስ። መምህር ነኝና የጉዳቱን መጠን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። መስከረም ቀላል ወር አይደለም። መጽሐፍ የሚታደለው ያኔ ነው፤ ዘግይቶ የመጣ ልጅ የተቀደደውን ወይም ምንም ሳያገኝ ይቀራል። ቡድን የሚመደበው፣ መቀመጫ የሚለየው ያኔ ነው። አንዲት የአምስተኛ ክፍል ልጅ አስታውሳለሁ፤ ሦስት ሳምንት ቀርታ መጣች። ክፍልፋይን አስጀምረን፣ የጋራ አካፋይ አስተምረን ጨርሰን ነበር። ብልህ ልጅ ነበረች። ዓመቱን ሙሉ ግን ሒሳብ ክፍል ውስጥ እጇን አላወጣችም። እኔም ሃምሳ ልጅ ይዤ ለእሷ ብቻ ወደ ኋላ መመለስ አልቻልኩም፤ መቅረቷን “ታሞ” ብዬ ስለዘጋሁት የማካክስላት ነገር እንዳለ እንኳ የሚጠይቀኝ አልነበረም። ውሸቱ ይህንም ያደርጋል። በእውነት የታመመን ልጅና ለአሥር ቀን አስቀድሞ የታወቀ ጉዞ የሄደን ልጅ አንድ መዝገብ ውስጥ ያስገባቸዋል፤ ከዚያ ለሁለቱም ምንም አይደረግላቸውም።

ስለዚህ ማንም በፈለገው ጊዜ ልጁን ይዞ ይሂድ እያልኩ አይደለም። ሆቴሉ በሥራ ቀን ይረክሳል ብለው ልጆቻቸውን በጥቅምት ወደ ላንጋኖና ወደ ሐዋሳ የሚወስዱ ወላጆች አሉ። አባት ለዕቃ ዱባይ ሲሄድ አብሮ የሚሄድ ልጅም አስተምሬያለሁ። ለእነሱ የምለው አጭር ነው፦ ሐይቁ በሐምሌም አለ። ቁልቢ ገብርኤል የሚሄዱም የታኅሣሥ 19ኙ ቢያልፋቸው የሐምሌ 19ኙ አለላቸው፤ ያኔ ልጁ ዕረፍት ላይ ነው። እኔ የምጠይቀው ቀኑን ማዛወር ለማይቻለው ነው። የአያቱ መስቀል በሐምሌ የለም። የአጎቱን ሠርግ ቀን የሚቆርጠው አጎቱ እንኳ ብቻውን አይደለም።

መስቀልን ያነሳሁት የማውቀው እሱ ስለሆነ ነው። ከአራዳ መስጊድ ጀርባ የሚኖረው የስልጤና የጉራጌ ሙስሊም ጎረቤቴ ለመስቀል አይሄድም፤ ለአረፋ ነው የሚሄደው። አረፋ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ኋላ ይመጣል፤ በ2016 ሰኔ 9፣ በ2017 ግንቦት 29 ዋለ። የፈተና ሰሞን ማለት ነው። እሱ ከእኔ የባሰ ችግር ውስጥ ነው ያለው። የወሎው፣ የጅማው፣ የሐረሩም እንዲሁ።

ሌላም ልጅ አለ፣ ከሁሉም በላይ የማስበው። ፒያሳ ላይ ቀን ጫማ ይጠርጋል፣ ማታ ይማራል። ከእነሞርና ከጉመር በአሥራ ሁለት፣ በአሥራ ሦስት ዓመቱ የመጣ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሳንቲም የሚያጠራቅመው ለመስቀል ነው፤ ለእናቱ ሻሽ፣ ለአባቱ ጫማ፣ ለራሱ ሱሪ ገዝቶ ይሄዳል። እናቱን የሚያይበት ጊዜ በዓመት ይቺ ብቻ ናት። ለእሱ “ወላጅ አምጣ” ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ወላጁ ጋ ስለሄደ ነው ወላጅ የሚጠየቀው። የማታ ትምህርት መዝገብ ላይ በመስከረም ስማቸው ተሰርዞ ዳግም ያልተመለሱ ልጆች አውቃለሁ። ጎበዞች ነበሩ።

ሌሎች አገሮች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደያዙት አይቻለሁ። እንግሊዝ በቅጣት ነው የያዘችው። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ አባት ልጁን ለሰባት ቀን ፍሎሪዳ ወሰደ፤ ቅጣቱን አልከፍልም ብሎ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ተሸነፈ። አሁን ቅጣቱ ለእያንዳንዱ ወላጅ በእያንዳንዱ ልጅ 80 ፓውንድ ነው፤ በ21 ቀን ውስጥ ካልተከፈለ 160 ይሆናል። ብዙ ወላጅ ግን ቅጣቱን ከፍሎ ይሄዳል፤ በዕረፍት ጊዜ የሚጨምረው የአውሮፕላን ዋጋ ከቅጣቱ ይበልጣልና። ገንዘብ ያለው ይሄዳል፣ የሌለው ይቀራል። እኛ ዘንድም የሐኪም ወረቀት መግዣ ያላት እናት ናት የምታመልጠው። ያችው እንግሊዝ ግን ወላጆች የሚከተሉት ሃይማኖት ለአምልኮ በለየው ቀን ልጁ ቢቀር በራሱ ምልክት መዝግባ ትፈቅዳለች፤ ለንደን ያለ የእኛ ልጅ ለገና አንድ ቀን የሚቀረው በዚያ ነው፣ ሳይዋሽ። አሜሪካ፣ ሜይን ግዛት ውስጥ አሮስቱክ የሚባል ድንች አምራች አካባቢ አለ። እዚያ ያሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ድንች በሚለቀምበት ወቅት ለሳምንታት ለመዘጋት ሲሉ ለዓመታት ቀደም ብለው ትምህርት ይጀምሩ ነበር። ድንቹ አልተዋሸበትም፤ ካላንደሩ ውስጥ ገባ።

ከዚህ በፊት ቢሆን ይህን ሁሉ ላልጽፍ እችል ነበር። ፒያሳ የነበረው ሰው እርስ በርሱ ዘመድ ነበር። ዶሮ ማነቂያ ያለ ልጅ አገር ቤት ባይሄድ እንኳ ግቢው ውስጥ አሥር አክስት ነበረው፤ መስቀልን እዚያው ያያል፣ ክትፎውን ከየቤቱ ይቀምሳል። ከመጋቢት 2016 ወዲህ ያ ሰፈር የለም። ለኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ ብዙው ቤተሰብ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማ ዳርቻዎች ሄደ፤ ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ገና ሳያልቅ። በዚያ ሰሞን ልጆች በትምህርት መካከል መሸኛ ይዘው ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ሲዛወሩ አይቻለሁ። ለዚያ የሚሆን ወረቀት ነበረ። ፊርማና ማኅተምም ነበረ። ጎረቤታቸውን፣ የእድራቸውን ሰው፣ የጡት እናታቸውን በአንድ ወር ያጡት እነዚህ ልጆች ዛሬ የቀራቸው ዘመድ አገር ቤት ያለው ነው። እዚያ የሚሄዱበት አምስት ቀን ለሌላው ልጅ ከሚሆነው በላይ ለእነሱ ያስፈልጋቸዋል። ከተማው ለራሱ ጉዳይ በመጋቢት ወረቀት ካገኘ፣ ለእነሱ ጉዳይ በመስከረም አያጣም።

የምጠይቀው ይህን ነው። ስም መጥሪያው ላይ ከ“ታሞ” ጎን ሌላ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ይኑር። በዓመት እስከ አምስት የትምህርት ቀን የሚሆን፣ ወላጅ ከሳምንት በፊት ሞልቶ የሚሰጠው የቤተሰብ ፈቃድ ይዘጋጅ፤ ወላጁ ከተማ ለሌለ የማታ ተማሪ ራሱ ተማሪው ይፈርም። የመስከረምን ካላንደር ስታወጡ ከ14 እስከ 20 ባለው ሳምንት የሚያዝ ቴስት አይኑር፤ መጽሐፍ ዕደላው ከዚያ በፊት ይለቅ ወይም የሄደው ልጅ ድርሻ ይቀመጥለት። መምህሩ ልጁ ከመሄዱ በፊት የሚያልፈውን ትምህርት ጽፎ ይስጠው፤ ሲመለስ ሁለት ከሰዓት ማካካሻ ይያዝለት። ፈቃዱን አሳልፎ ጥቅምት የሚመጣ ካለ ያኔ ወላጁ ይጠራ፤ ያኔ መቅረት መቅረት ይባል። ይህን በየትምህርት ቤቱ ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በአንድ ስብሰባ መወሰን ይቻላል፤ ብቻ ከእናንተ መመሪያ ያስፈልገዋል። ያለ መመሪያ አንድ መምህር ብቻውን “አገር ቤት ሄዷል” ብሎ ቢጽፍ የሚጠየቀው እሱ ነው። እኔ 28 ዓመት ያልጻፍኩት ለዚያ ነው።

መኪኖቹ መስከረም 13 መነሳት ይጀምራሉ። ከዚያ በፊት መልስ እንድትሰጡኝ በአክብሮት እለምናለሁ። ቅጹን ማዘጋጀት ጊዜ የሚወስድባችሁ ከሆነ እኔው በእጄ ጽፌ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። አራት መስመር ብቻ ነው፦

የተማሪው ስም፦
የሚቀርባቸው ቀኖች፦ ከመስከረም 14 እስከ 20
የሚመለስበት ቀን፦ መስከረም 21
ምክንያት፦ አያቱን ሊጠይቅ

ከሰላምታ ጋር
አንድ ጡረተኛ የአራዳ መምህር